የሽመና እንከንን በካሜራ መለየት፤ አሠራሩ፣ ጥቅሙና ወሰኑ

ከሽመና ማሽን የወጣ ጨርቅ ወደ ማቅለሚያ ወይም ወደ ልብስ ስፌት ከመተላለፉ በፊት ፍተሻ ይደረግበታል። በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች ይህን ተግባር የሚያከናውኑት ብርሃን በተገጠመለት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የሚሠሩ የጥራት ተቆጣጣሪዎች ሲሆኑ፣ ጨርቁ እየተሳበ ሲያልፍ የተበጠሰ ድር፣ የጎደለ ማግ፣ ቀዳዳ ወይም የዘይት እድፍ ባዩ ቁጥር ማሽኑን አቁመው በጨርቁ ጠርዝ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አንድ ጥቅል ጨርቅ አንደኛ ደረጃ ተብሎ በሙሉ ዋጋው መሸጡ ወይም ከገዢ ዘንድ ተመላሽ መሆኑ የሚወሰነው በእነዚህ ሠራተኞች ዓይን ነው።

ይህንኑ ሥራ በካሜራና በኮምፒውተር አማካይነት የሚያከናውነው ቴክኖሎጂ በተለምዶ ማሽን ቪዥን ወይም የማሽን እይታ ተብሎ ይጠራል። ቴክኖሎጂው በጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ ለገበያ ከቀረበ ሠላሳ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ቢሆንም የፍተሻ ጠረጴዛውን ከፋብሪካዎች አላስወጣም። ለዚህም ምክንያቱ የመሣሪያዎቹ ዋጋ ውድነት ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይስተዋላል። ይሁንና የዘርፉ ልምድ እንደሚያሳየው ዋናው ጉዳይ ካሜራው እንከኑን ማየት መቻሉ ሳይሆን፣ መቼ እንደሚያየውና ከታየ በኋላ ማን ምን እርምጃ እንደሚወስድ ነው።

በሽመና ወቅት የሚፈጠሩ እንከኖች ከ70 በላይ ዓይነቶች እንዳሏቸው የዘርፉ ጽሑፎች ይጠቅሳሉ። ምንጫቸውም የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ከክሩ ጋር የሚመጡ ሲሆን፣ ወፍራምና ቀጭን ቦታ፣ ቋጠሮ እንዲሁም ባዕድ ቃጫ ከእነዚህ ይመደባሉ። ሌሎቹ ደግሞ በማሽኑ ላይ የሚፈጠሩ ናቸው፤ የተበጠሰ ድር፣ የጎደለ ወይም የተደረበ ማግ፣ የሽመና ሥርዓቱን የሳተ ክር፣ የዘይት ነጠብጣብ። ለአስተዳደር ውሳኔ ግን ከዚህ ዝርዝር ይልቅ ጠቃሚ የሆነው ሌላ ልዩነት ነው። ይኸውም አንድ ጊዜ ተፈጥሮ የሚያበቃ እንከን እና ምንጩ እስኪታረም ድረስ ሳያቋርጥ የሚቀጥል እንከን ያላቸው ልዩነት ነው። ነጠላ ቋጠሮ የሚያበላሸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሳይታወቅ የቀረ አንድ የተበጠሰ ድር ግን ማሽኑ እስከሠራ ድረስ በጨርቁ ርዝመት ሙሉ እየተጎተተ ይሄዳል።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በደቂቃ 600 ማግ የሚወረውር ማሽን በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 20 ማግ ያለው ጨርቅ በሚሠራበት ጊዜ በደቂቃ 30 ሴንቲ ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 18 ሜትር ያመርታል። የተበጠሰው ድር ለሁለት ሰዓት ሳይታይ ቢቆይ 36 ሜትር ጨርቅ ተበላሸ ማለት ነው። ጨርቁ ተጠቅልሎ እስኪወርድና ወደ ፍተሻ ክፍል እስኪደርስ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዚያኑ ያህል ይሰፋል፤ 300 ሜትር የሚይዝ አንድ ጥቅል በዚህ ፍጥነት ለመሙላት 17 ሰዓት ያህል ይወስዳልና።

እንከን ያለበት ጨርቅ ከደረጃው ወርዶ ሲሸጥ ከመደበኛ ዋጋው ከ45 እስከ 65 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል በምርምር ጽሑፎች በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። እንከኑ የሚታወቅበት ጊዜ በዘገየ ቁጥር ኪሳራውም ይከማቻል። ጥሬው ጨርቅ ላይ ሳይታይ ካለፈ ማቅለሚያው፣ ውኃውና ኃይሉ ይጨመርበታል። ከተቆረጠ በኋላ ከታየ የተቆረጠው ክፍል በሙሉ ይጣላል። ገዢው እጅ ከደረሰ በኋላ ከታወቀ ደግሞ የሚታጣው ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ ትእዛዝ ጭምር ነው።

በዓለም አቀፍ ገበያ በሰፊው የሚሠራበት የጨርቅ ደረጃ አወጣጥ አራት ነጥብ በመባል የሚታወቀው ዘዴ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እንከን እንደ ርዝመቱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይያዝበታል። እስከ 3 ኢንች የሚደርስ እንከን 1 ነጥብ፣ ከ3 እስከ 6 ኢንች 2 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 9 ኢንች 3 ነጥብ፣ ከ9 ኢንች በላይ 4 ነጥብ ያስይዛል። በአንድ ያርድ ርዝመት ላይ የሚያዘው ነጥብ ከ4 አይበልጥም። የተሰበሰበው ነጥብ በ100 ካሬ ያርድ ተሰልቶ ከገዢው ጋር ከተስማሙበት ጣሪያ ጋር የሚነጻጸር ሲሆን፣ በተለምዶ የሚያገለግለው ጣሪያ 40 ነጥብ ነው።

የዚህን ስሌት ጥብቅነት ለመረዳት 120 ያርድ ርዝመትና 60 ኢንች ወርድ ያለውን አንድ ጥቅል እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ስፋቱ 200 ካሬ ያርድ ነው። በጥቅሉ ላይ በእርግጥ ያለው እንከን 90 ነጥብ ቢሆን በ100 ካሬ ያርድ 45 ነጥብ ስለሚደርስ ውድቅ መሆን ይገባዋል። ተቆጣጣሪው ከ90ው ነጥብ 70ውን ብቻ ካየ ግን ውጤቱ 35 ሆኖ ጥቅሉ ያልፋል። ከአራቱ እንከን ሦስቱን በላይ ያየ ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ እንደተወጣ ቢቆጠርም ፋብሪካው ሊልከው የማይገባውን ጨርቅ ልኳል ማለት ነው። ገዢው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሲመረምረው 45ቱን ያገኛል።

ይህ የሠራተኛው ጥፋት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ጨርቁ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሜትር እየተጓዘ፣ አንድ ዓይነት የሆነ ገጽታን ለሰዓታት መመልከት የሰውን ትኩረት ያደክማል። በሰው ዓይን በሚካሄድ ፍተሻ የሚያዘው እንከን ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ እንደሆነ በዘርፉ ጽሑፎች የሚጠቀሰውም ከዚህ የተነሳ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አንድን ጥቅል ለየብቻ ቢመረምሩ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነጥብ አይሰጡም፤ ጠዋት የተሰጠው ነጥብና በሌሊት ፈረቃ የሚሰጠውም እንዲሁ ሊለያይ ይችላል።

ጉዳዩን ከመነሻው ለተመለከተው፣ በባህላዊው ሽመና ይህ ችግር በዚህ መልክ አልነበረም። ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ እየላከ የሚሠራው ጨርቅ በፊቱ ስለሚገኝ ድር ሲበጠስ ወዲያው ያያል፤ አቁሞ ይቀጥለዋል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ማየት፣ መወሰንና ማረም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቅጽበት የሚፈጸሙ ተግባራት ነበሩ። በኃይል የሚንቀሳቀሰው የሽመና ማሽን ከመጣ በኋላ ግን አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን እንዲቆጣጠር በመደረጉ ዓይኑ ከጨርቁ ተለየ፤ ፍተሻውም ወደ ሌላ ክፍልና ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ።

ዓይኑን ወደ ማሽኑ ለመመለስ የተደረገው ጥረት ከካሜራ በፊት የጀመረ ነው። ጃፓናዊው የፈጠራ ባለሙያ ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ በ1924 ያጠናቀቁት ጂ ተብሎ የተሰየመው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን፣ ድር ሲበጠስ ራሱን በራሱ የሚያቆም፣ ማግ ሲያልቅም ሥራው ሳይቋረጥ መወርወሪያውን የሚቀይር ነበር። የማሽኑ የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ በ1929 ፕላት ብራዘርስ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተሸጠ ሲሆን፣ ማሽኑን ያመርት የነበረው ድርጅት በኋላ የመኪና ክፍል አቋቁሞ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የቶዮታ ኩባንያ ከዚያ ወጥቷል። እንከን በታየ ጊዜ ሥራውን አቁሞ ምንጩን የማረም መርሕም በመኪና ፋብሪካው ውስጥ ቀጥሏል።

በአሁኑ ወቅት በሥራ ላይ የሚገኙ የሽመና ማሽኖች በእያንዳንዱ ድር ላይ የሚንጠለጠል ስስ ብረት አላቸው። ድሩ ሲበጠስ ብረቱ ወርዶ የኤሌክትሪክ ምልክት በመስጠት ማሽኑን ያቆማል። ለማግም የራሱ መቆጣጠሪያ አለ። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያዩት ግን ክሩን እንጂ ጨርቁን አይደለም። ድሩ ሳይበጠስ ያለቦታው ከገባ፣ የተበጠሰው ጫፍ ከጎረቤት ክር ጋር ከተጠላለፈ፣ ዘይት ከፈሰሰ ወይም ክሩ ራሱ ከወፈረ ምልክት አይሰጡም። የማሽን እይታ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው።

የቴክኖሎጂው አሠራር በመሠረቱ ውስብስብ አይደለም። ለፍተሻ ጠረጴዛ የሚያገለግሉት ካሜራዎች በአብዛኛው ሙሉ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ሳይሆኑ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ የሚያነቡ ናቸው። ጨርቁ ከሥራቸው ሲያልፍ መስመሮቹ ተደርድረው ሙሉ ምስል ይሠራሉ። የጨርቁን ጉዞ የሚለካ መሣሪያ ከካሜራው ጋር ስለሚገናኝ እያንዳንዱ መስመር ከጥቅሉ መነሻ ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ይታወቃል። ወርዱ 1 ነጥብ 6 ሜትር የሆነ ጨርቅ ከአምስት አንድ ሚሊ ሜትር በሚለይ ጥራት እንዲታይ ቢፈለግ በወርዱ ላይ 8 ሺህ የምስል ነጥብ ያስፈልጋል። ጨርቁ በደቂቃ 60 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ በሰከንድ 5 ሺህ መስመር፣ በጠቅላላው 40 ሚሊዮን የምስል ነጥብ ማንበብና መመርመር ግድ ይሆናል። በ1990ዎቹ ይህን ያህል መረጃ ማስተናገድ ልዩ ኮምፒውተር የሚጠይቅ የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ግን በመደበኛ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር የሚከናወን ሆኗል።

ከካሜራው በላይ ውጤቱን የሚወስነው ብርሃኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዳዳና የጎደለ ማግ በግልጽ የሚታዩት ብርሃኑ ከጨርቁ በስተጀርባ ሲበራ ነው። እድፍ የሚታየው ደግሞ ከፊት በሚመጣ ብርሃን ነው። በጨርቁ ገጽ ላይ የተነሳ ክር ወይም እጥፋት እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ጥላ እንዲጥል ይደረጋል። አንድ ካሜራ በአንድ ዓይነት ብርሃን ሁሉንም እንከን ያያል ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ካለ ማብራሪያ ሊጠየቅበት ይገባል።

ምስሉ ከተገኘ በኋላ እንከኑን የመለየት ስሌት ይከተላል። የተሸመነ ጨርቅ ድርና ማጉ በእኩል ርቀት የሚደጋገሙበት ሥርዓት ያለው በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ዘዴዎች የተመሠረቱት በዚሁ ድግግሞሽ ላይ ነበር። ፉሪየር በተባለው የሒሳብ ስልት የጨርቁ መደበኛ ድግግሞሽ ይለካል፤ ከዚያ ያፈነገጠ ቦታም እንደ እንከን ይያዛል። ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ በ1946 ያቀረቡትን ስልት መሠረት ያደረጉ ማጣሪያዎችም ክሮች በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ልዩነት እንደተሰለፉ በየቦታው ስለሚለኩ በዘርፉ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። እነዚህ ዘዴዎች ለነጭና ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ጥሩ ውጤት ሲሰጡ፣ ጥለትና አበባ ባለው ጨርቅ ላይ ግን ይቸገራሉ። ጥለቱ ራሱ ከመደበኛው ያፈነገጠ መስሎ ይታያቸዋልና።

ከ2010ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከምሳሌዎች የሚማሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘዴዎች ቀዳሚውን ቦታ ይዘዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ዘዴዎች የሚማሩበት ምስል ይፈልጋሉ፤ የፋብሪካ እንከን ደግሞ በብዛት የሚገኝ ነገር አይደለም። ለተመራማሪዎች በይፋ የቀረቡት ስብስቦች መጠን ይህንኑ ያመለክታል። በስፔን አልኮይ ከተማ የሚገኘው አይቴክስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ ያደረገው ስብስብ 245 ምስሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ 140ው እንከን የለሽ፣ 105ቱ ደግሞ እንከን ያለባቸው ናቸው። በዚህም የተነሳ ብዙ ባለሙያዎች አቅጣጫቸውን ቀይረዋል። ኮምፒውተሩ እንከኑን ሳይሆን ጥሩውን ጨርቅ እንዲያጠና ይደረግና፣ ያላጠናው ነገር ሲገጥመው ምልክት ይሰጣል። አካሄዱ አንድ ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ከሚሠራበት መንገድ የራቀ አይደለም።

ለገበያ ከቀረቡት ቀደምት መሣሪያዎች መካከል በእስራኤሉ ኤልቢት ቪዥን ሲስተምስ የተሠራው አይቴክስ የተባለው መሣሪያ፣ በስዊዘርላንዱ ኡስተር የተሠራው ፋብሪስካን እንዲሁም በቤልጂየሙ ባርኮ የተሠራው ሳይክሎፕስ ይጠቀሳሉ። የእስራኤሉ መሣሪያ ከስፔኑ ተቋም ጋር በስም ከመመሳሰሉ በቀር ግንኙነት የለውም። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ጨርቁ ከማሽን ከወረደ በኋላ በጠረጴዛ ላይ የሚመረምሩ ሲሆኑ፣ ሳይክሎፕስ ግን በሽመና ማሽኑ ላይ ተገጥሞ በጨርቁ ወርድ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ካሜራ ያለው ነበር። ኡስተር እ.ኤ.አ በ2018 የእስራኤሉን ኩባንያ የጠቀለለ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በማሽን ላይ የሚገጠም መሣሪያም ለገበያ አቅርቧል። በሹራብ ዘርፍ ደግሞ መቀመጫውን በፖርቶ ያደረገው የፖርቱጋሉ ስማርቴክስ ካሜራውን በክብ የሹራብ ማሽን ውስጥ በመግጠም እንከን ሲታይ ማሽኑ እንዲቆም የሚያደርግ አሠራር ይዞ ቀርቧል።

ካሜራው የት ይቀመጥ የሚለው ምርጫ እንግዲህ የቴክኖሎጂ ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነው። በደቂቃ 60 ሜትር የሚመረምር አንድ ጠረጴዛ በሰዓት 3 ሺህ 600 ሜትር ሊያይ ስለሚችል፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ እያንዳንዳቸው በሰዓት 18 ሜትር የሚያመርቱ የ200 ማሽኖችን ምርት ይበቃዋል። ጥቅል ለመቀየር የሚወስደው ጊዜ ሲታሰብ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ወጪው በብዙ ማሽኖች ላይ ይከፋፈላል። ጉዳቱ መዘግየቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ የደረሰው እንከን ተፈጥሮ ያለቀ በመሆኑ፣ ካሜራው የሚያከናውነው ተግባር ጥፋቱን በትክክል መመዝገብ ብቻ ይሆናል። በማሽኑ ላይ የሚገጠመው ካሜራ በአንጻሩ 36 ሜትሩን ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊያወርደው ይችላል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የማሽኑ ንዝረትና በሌንሱ ላይ የሚያርፈው የጥጥ ብናኝም የማያቋርጥ ጽዳትና ክትትል ይፈልጋሉ። ብዙ ምርት በሚያስመልሱ የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶች ላይ በሚሠሩ ማሽኖች መጀመር በመካከል ያለ አማራጭ ነው።

ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ሌላው ነጥብ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱ 1 ነጥብ 6 ሜትር የሆነ ጥቅል በ5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቢከፋፈል 64 ሺህ ቁራጭ ይወጣዋል። መሣሪያው ከአንድ ሺህ ጥሩ ቁራጭ በአንዱ ብቻ ቢሳሳት በአንድ ጥቅል ላይ 64 የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በጥቅሉ ላይ ያሉት እውነተኛ እንከኖች 10 ብቻ ከሆኑ ሠራተኛው 74 ጊዜ ተጠርቶ 64ቱን ያለ ምክንያት ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ የማስጠንቀቂያ መብራቱን የሚያይ ሰው አይኖርም። የ99 ነጥብ 9 በመቶ ትክክለኛነት የሚል ጽሑፍ በሻጭ ሰነድ ላይ ሲቀርብ ጥያቄው ከምን ያህሉ የሚል መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ካሜራ ጨርሶ የማያያቸው ወይም ሲያያቸው የዘገየ የሚሆንባቸው እንከኖችም አሉ። ጥጥ በማዳበሪያ ከረጢት በሚለቀምበትና በሚጓጓዝበት ቦታ ሁሉ የከረጢቱ ፕላስቲክ ቃጫ ከጥጡ ጋር ተቀላቅሎ ይፈተላል። ነጭ ፕላስቲክ በነጭ ጥሬ ጨርቅ ላይ ለዓይንም ሆነ ለመደበኛ ካሜራ አይለይም፤ ጨርቁ ሲቀለም ግን ቀለም ስለማይዝ ነጭ ጭረት ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው በልዩ ብርሃን የሚሠሩ መለያዎችን በፈተል ክፍል መግጠም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የጥጥ ከረጢት መልቀሚያውን መጠቀም ከማንኛውም ካሜራ ይረክሳል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1939 በድሬዳዋ ሲሆን፣ የባሕር ዳሩ ፋብሪካ በ1961 ተከትሏል። እ.ኤ.አ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዘርፉን ከዓለም አቀፍ ገዢዎች ጋር በቀጥታ አገናኝቷል። አገሪቱ ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ተጠቃሚነት መውጣቷ ደግሞ አምራቾች ያለ ቀረጥ ነጻ ዕድል በዋጋና በጥራት ብቻ እንዲወዳደሩ አድርጓቸዋል። በዚህ ሁኔታ አንድ ጥቅል ተመላሽ መሆኑ ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ይጎዳል።

የማሽን እይታ ለኢትዮጵያ አምራቾች ያለው ጠቀሜታ በሽመና ክፍል ብቻ የሚወሰን አይደለም። ልብስ ሰፊ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ጨርቅ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ከሚገባው ጭነት በተለምዶ የሚፈተሸው 10 በመቶ የሚሆነው ጥቅል ሲሆን፣ ቀሪው ሳይታይ ወደ መቁረጫ ይሄዳል። እንከኑ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ሲገኝ አቅራቢውን ተጠያቂ ማድረግ አዳጋች ይሆናል። እያንዳንዱን እንከን ከነምስሉ፣ ከነቦታውና ከነቀኑ የሚመዘግብ ፍተሻ ለካሳ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል፤ ጨርቁ ሲቆረጥም እንከኑ ያለበት ቦታ እንዲዘለል ያስችላል።

በሽመና ክፍል ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ጉዳይ አለ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ በአንድ አዳራሽ የሚገኙ ማሽኖች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ዳግም ሲነሱ አብዛኛውን ጊዜ በጨርቁ ወርድ ላይ ስስ ወይም ወፍራም መስመር ይተዋሉ። 50 ማሽን ባለበት አዳራሽ አንድ የኃይል መቋረጥ 50 እንከን ሊፈጥር ይችላል ማለት ነው። የአዳራሹ እርጥበት ከሚፈለገው በታች ሲወርድም የጥጥ ድር በብዛት ይበጠሳል። ካሜራው እነዚህን ሁሉ በትክክል ይቆጥራል፤ አንዱንም አያስቀርም። ቆጠራው ጥቅም የሚኖረው ለኃይል አቅራቢው፣ ለጥገና ክፍሉና ለፈተል ክፍሉ እንደየድርሻው ተተንትኖ ሲቀርብ ነው። ይህ ትንተና ደግሞ ካሜራ ባይኖርም ከፍተሻ ጠረጴዛው ወረቀት መጀመር ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው መረጃው ሳይሆን መረጃውን ወደ ማሽኑ የሚመልስ ሰው ነው።

የሠራተኞች ጉዳይም በቸልታ የሚታይ አይደለም። አውቶማቲክ ጠረጴዛ በተተከለበት ቦታ ለፍተሻ የሚያስፈልገው የሰው ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። በሌላ በኩል መሣሪያው ያመለከተውን እንከን ዓይነት የሚለይ፣ ይጠገናል ወይም አይጠገንም ብሎ የሚወስን፣ አዲስ የጨርቅ ዓይነት ሲመጣ ኮምፒውተሩን የሚያስተምር ባለሙያ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ከማንም ቅርብ የሆኑት ለዓመታት በጠረጴዛው ፊት የሠሩት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። እነሱን አሰናብቶ መሣሪያውን ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚያስረክብ ፋብሪካ፣ እንከን ምን እንደሚመስል የሚያውቀውን ሰው አብሮ ያሰናብታል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዘርፉ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን በመሆኑ ሽመናንና ኮምፒውተርን ያጣመረ ሥልጠና ሊሰጥበት የሚችል ተቋም ነው።

ግዢው በጨረታ የሚፈጸም ከሆነ የመሣሪያው ዝርዝር መግለጫ ብቻውን በቂ መመዘኛ አይሆንም። ተጫራቾች መሣሪያቸውን በፋብሪካው በራሱ ጨርቅ ላይ እንዲያሳዩ መጠየቅ ይገባል። ለሙከራውም የተወሰኑ ጥቅሎች በቅድሚያ ልምድ ባላቸው ሁለት ተቆጣጣሪዎች ለየብቻ፣ በዝግታ ተመርምረው የእያንዳንዱ እንከን ቦታ ይመዘገባል። መዝገቡ ለሻጭ አይሰጥም። መሣሪያው ጥቅሎቹን ሲመረምር ምን ያህሉን እንዳገኘ፣ ምን ያህል የሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደሰጠና ያንኑ ጥቅል ደግሞ ሲያይ ተመሳሳይ ውጤት እንዳስገኘ ሦስቱም ለየብቻ ይያዛሉ። በውሉ ውስጥ አዲስ የጨርቅ ዓይነት ለማስተማር ፋብሪካው በየጊዜው ክፍያ የሚጠየቅ መሆን አለመሆኑ፣ የተሰበሰቡት ምስሎች የማን ንብረት እንደሆኑ፣ ካሜራና መብራት ሲበላሹ መለዋወጫው በስንት ቀን እንደሚደርስ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል። ለሙከራ ያገለገሉት ጥቅሎችም መሣሪያው ተተክሎ ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ ሳይሸጡ በመጋዘን ይቆያሉ፤ የተተከለው መሣሪያ በጨረታው ወቅት የታየውን ውጤት መድገሙ የሚረጋገጠው በእነሱው ነውና።